በነጠላ ጫፍ ቡሬ ድረስ

እኔ ለትዕግሥት የተፈጠርሁ ሰው አይደለሁም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ኋላ ስለ እናቴ ሳወራ እሷን የመሰልሁ እንዳይመስላችሁ። እናቴ ሦስት ቃል ከተናገረች እኔ ሠላሳ እናገራለሁ። እሷ ስትቆጣ ትቀመጣለች፣ እኔ ስቆጣ እነሣለሁ። ፍኖተ ሰላም ባል አግብቼ አራት ዓመት ኖሬ የተፋታሁትም በዚሁ ምላሴ ነው ይሉኛል። ይበሉ። እሱም ቢሆን ምላስ አላጣም ነበር።

ወደ እናቴ ቤት የተመለስሁት ለገበሬው የመሬት ደብተር በሚሰጥበት ዘመን ነው። አገራችን ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ወጣ ብሎ ነው፤ ቡሬ ለመግባት ደህና አድርጎ ለሚራመድ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። አባታችን ከሞተ ቆይቷል። እናቴ ከታላቅ ወንድሜ፣ ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር በአንድ ግቢ ትኖራለች። ብዙ መሬት የላቸውም። ከሁሉ የሚሻለው ከወንዙ ዳር ያለው ሁለት ጥማድ ነው፤ አንድ ጥንድ በሬ በሁለት ቀን የሚያርሰው ማለት ነው። አፈሩ ጥቁር ነው፣ በርበሬ ቢሉት በርበሬ፣ በቆሎ ቢሉት በቆሎ እንቢ አይልም። ያ ማሳ ከእጅ ከወጣ ወንድሜ ልጆቹን የሚያበላበት የለውም።

ያን ጊዜ የመሬት ኮሚቴ የሚባል ተመርጦ፣ ገመድ ይዞ ከማሳ ማሳ እየዞረ ይለካና በመዝገብ ያሰፍር ነበር። የኮሚቴው ሰብሳቢ ደግሞ የወንዝ ዳሩ ማሳችን አዋሳኝ ነው። ሃምሳን ያለፈ፣ ነጭ ጋቢ የማይለየው፣ ሲናገር አፉ የሚጣፍጥ ሰው ነው። ቀበሌው ውስጥ ማኅተሙም ወንበሩም ከሱ እጅ አይወጣም። ክፉ ነው ብዬ ልጀምር ነበር፤ እናቴ ብትሰማኝ ግን ትቆጣኛለች። ስለዚህ ሆዳም ነው ልበል።

የእናቴ እኅት ቋሪት፣ ገበዝ ማርያም ሞተችና ሁላችንም ለቀብር ሄድን። ሰልስት አውጥተን ስንመለስ ማሳው ተለክቶ አልቋል። «ባለቤቱ ስላልቀረበ» ተብሎ ወደ አዋሳኙ ተጽፏል። አዋሳኙ ማን ነው? ራሱ ሰብሳቢው!

እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ደጁ ድረስ ሄደች።

«ልጄ፣ ተሳስተህ ነው?» አለችው።

«እትዬ፣ መዝገብ የጻፈውን እኔ ምን ላድርገው?» አላት። «ቅር ካለዎት ይክሰሱ እንጂ! አገሩ የሕግ አገር ነው።»

ከሰሰች። ቡሬ ድረስ በእግሯ ሄዳ፣ ማመልከቻ አስጽፋ ከሰሰች። ፍርድ ቤቱም ሰብሳቢው ቀርቦ መልስ ይስጥ ብሎ መጥሪያ አወጣ። መጥሪያ ደግሞ ለገበሬ የሚደርሰው በቀበሌው በኩል ነው። ቀበሌው ማን ነው? ያው እሱ። ወረቀቱ ከቡሬ ይመጣል፣ የራሱ ኪስ ይገባል፣ ከዚያ «ተፈልጎ አልተገኘም» ተብሎ ይመለሳል። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆነ። በሦስተኛው ጊዜ እኔ ራሴ በደጁ ሳልፍ ጠላውን ይዞ ከግራሩ ሥር ተቀምጦ አይቼዋለሁ። «እንዴት ዋልሽ?» አለኝ እንጂ!

ከዚያ አንድ ማለዳ በሬዎቹን ጠምዶ ማሳችንን ማረስ ጀመረ።

ወንድሜ ያን ቀን ምሳ አልበላም። ክላሹን ከተሰቀለበት አውርዶ መወልወል ያዘ። ሚስቱን ጠርቶ ቀዩን በሬ እንዳትሸጠው፣ ልጆቹንም ወንድሟ ላሳድግ ቢል እንዳትነፍገው ተናገራት። በእኛ አገር ወንድ ልጅ እንዲህ ያለ ኑዛዜ ከተናገረ ወዴት ሊሄድ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ሚስቱ ምሰሶውን ይዛ ቆማ ቀረች።

እውነቱን ልናገር? እኔ ደስ አለኝ። ደስታም ብቻ አይደለም። ያፈርሁበትን ነገር ሁሉ ስቆጥር ይህን አንደኛ አደርገዋለሁ። ከማለዳ ጀምሮ የገፋፋሁት እኔ ነኝ። «ያባትህን ርስት እያረሱብህ አንተ ትወለውላለህ? በል ሱሪህን ስጠኝ፣ እኔ ቀሚሴን ላውልቅልህ!» ብዬዋለሁ። በሚስትና በርስት ቀልድ የለም ሲባል እየሰማሁ ያደግሁ ነኝ። ያልተመታ ጠላት ያሸነፈ ጠላት ነው ብዬ አምን ነበር። እጁን ያልሰነዘረ ሰው ደግሞ መሬቱንም ስሙንም የተወ ይመስለኝ ነበር።

እናቴ ከጓዳ ወጥታ ከደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። ወንድሜ ሊወጣ ቢል እሷን መርገጥ ሊኖርበት ነው።

«ልጄ፣ እስኪ ንገረኝ» አለችው። «ገደልኸው እንበል። ከዚያ ማሳውን ማን ያርሰዋል?»

ክላሹን አነገተ።

«አንተ ጫካ ነህ ወይ እስር ቤት ነህ። የሱ ልጆች ደም ሊመልሱ የአንተን ልጆች ይጠብቃሉ፣ የአንተ ልጆች የሱን ይጠብቃሉ። መሬቱ ዳዋ ይውጠዋል። እኔ መሬቴን ነው የምፈልግ፤ የማንንም ሬሳ አልፈልግም። ሬሳ አይታረስም።»

«እምዬ፣ ከስሰሽ አይደል? ምን አገኘሽ?» አላት ወንድሜ።

«ሰውየውን አላገኘሁትም። ዳኛ ፊት ካቆምሁት ይበቃኛል። እስከ ሚካኤል ታገሰኝ። ይህን ጡት የጠባህ ልጅ ከሆንህ ታገሰኝ።»

በጡት ሲምሉበት ጎጃሜ ወንድ ምን ያደርጋል? ክላሹን ይዞ ሄዶ ከነፍስ አባታችን ቤት አስቀመጠው። ከዚያ በቀን ሦስት ጊዜ እየወጣ የሚታረሰውን ማሳ ያያል። እኔም አብሬው እየወጣሁ አያለሁ፤ እሱ ዝም ይላል፣ እኔ እራገማለሁ። ሚካኤል አራት ቀን ቀርቶት ነበር። ቀኑ ሰኞ ይውላል፤ ፍርድ ቤት ክፍት ነው።

የሚካኤል ዕለት ቅዳሴ ወጥቶ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ከዋርካው ሥር ተቀመጠ። በዓል ስለሆነ የሚያርስ የለም፤ ሰው ሁሉ እዚያው ነው። ሰብሳቢው እንደ ልማዱ ከፊት ቆሞ ስለ እርከን ሥራና ስለ ማዳበሪያ ይናገራል። እናቴ ከሴቶቹ መካከል ተነሣች። ቀጭን ናት፣ ስልሳን ካለፈች ቆይታለች፣ ቆማም ከተቀመጡት ብዙ አትበልጥም።

«በሕግ አምላክ!» አለች።

በእኛ አገር በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል ይባላል። የሚያስለው ሰው እንኳ ሳሉን ያዘ።

«መሬቴን የወሰድህ፣ መጥሪያ የደበቅህ፣ አሁን ከዚህ ተነሥተህ ከዳኛ ፊት አብረኸኝ ትሄዳለህ» አለችው።

ሰብሳቢው ሳቀ። ሰው እንዲስቅለትም ዞር ዞር ብሎ አየ። የሳቁለትም ነበሩ። «አዬ እትዬ! በንጉሡ ዘመን ቀሩ እንዴ? ፖሊስ ሆኑብኝ?» አለ። ከዚያ ነው ያን ስሕተት የሠራው። የጋቢውን ጫፍ አንሥቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ እንደ ሙሽራ እየተሽኮረመመ ዘረጋላት። «በሉ እንግዲያ እንደ ጥንቱ ይቆራኙኝ!»

ሰዉ ፈነዳ። እናቴ ግን አልሳቀችም። የነጠላዋን ጥለት ከጋቢው ጫፍ ጋር አድርጋ አንድ ቋጠረች፣ ሁለት ቋጠረች፣ ሦስተኛውን በጥርሷ ስባ አጠበቀችው።

በድሮ ጊዜ ተከራካሪዎች እንዲህ ልብሳቸው ተቋጥሮ፣ ቁራኛ ሆነው ነበር ዳኛ ዘንድ የሚሄዱት። እኔ ሲወራ ነው የሰማሁት። ሰብሳቢውም ሲወራ ነው የሰማው። ግን ከፊት ድንጋይ ላይ የተቀመጡት የሱ አጎት በዓይናቸው ያዩ ሰው ናቸው። ሳቁ ሲያልቅ ሰብሳቢው «በሉ ይፍቱኝ፣ ስብሰባ አለኝ» ብሎ እጁን ወደ ቋጠሮው ሲልክ አጎትየው ከዘራቸውን መሬት መቱ።

«እንዳትነካ! ማንም ሳያስገድድህ ልብስህን ሰጥተሃል። ቁራኛን ዳኛ ይፈታዋል እንጂ ባለጉዳይ አይፈታውም። የፈታ የተረታ ነው። ያባትህን አጥንት ልታሰድብ ነው?»

ያ ሁሉ ሕዝብ እጁን ያያል። እጁ ቋጠሮው ላይ ቀረ። ቢፈታው እዚያው፣ በሚካኤል ደጅ፣ «አዎ መሬቷን ወስጃለሁ» እንዳለ ነው የሚቆጠርበት። ባይፈታው ቡሬ መሄድ አለበት። ኧረ የኔ እናት!

«እንሂዳ!» አለ መጨረሻ ላይ፣ ጋቢውን እያስተካከለ። «ሳንደርስ እርስዎ ራስዎ ይፈቱታል፣ እግርዎ ሲያብጥ!»

ተነሥተን ሄድን። ከፊት እነሱ፣ ከኋላ የደብሩ ሰው። በዓል አይደለም? የሚሠራ ሥራ የለ፤ ሁሉም ተከተለ። ወንድሜ ባዶ እጁን ነበር። የሰብሳቢው ሁለት ልጆች ዱላ ይዘው ባባታቸው ቀኝ ይሄዳሉ። እኔ ከከተማ ያመጣሁትን ጥቁር ጃንጥላ ይዣለሁ፤ ፀሐዩም ጠንካራ ነበር።

ሰብሳቢው ሆን ብሎ ይፈጥናል። እናቴ ትሮጣለች ማለት ይቻላል፣ ግን አንድም ጊዜ «ቀስ በል» አላለችውም። አንድ ሰዓት ከሄድን በኋላ ግን ችግሩ በሱ በኩል መጣ። ይቁነጠነጣል፣ ግራና ቀኝ ያያል። ከቅዳሴ በኋላ የጠጣው ጠላ አላስቆመው አለ። እናቴ ገባት።

«ነጠላው ረጅም ነው» አለችው። «ፊቴን አዙሬልሃለሁ፤ ጉዳይህን ጨርስ።»

እና ፊቷን አዞረች። ከኋላችን ያለው ሰው ሁሉም ፊቱን አዞረ፤ ትከሻው ብቻ በሳቅ ይንቀጠቀጣል። የገዛ ልጆቹ ሳይቀሩ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። ያን ቀን ሰብሳቢው መጀመሪያ የተሸነፈው እዚያ ቁጥቋጦ ሥር ነው ብል አልዋሸሁም።

ይህ ነገር አናደደው መሰለኝ። ወንዙን ተሻግረን ዳገቱን ስንይዝ ጋቢውን ሳብ አደረገው። እናቴ በጉልበቷ ወደቀች። ቀና ስትል ጉልበቷ ላይ ደም አየሁ። ከዚያ በኋላ ምን እንዳሰብሁ አላውቅም፤ ያሰብሁም አይመስለኝም። ጃንጥላውን አጥፌ በሁለት እጄ ይዤ አናቱን አልሁት። ግንባሩ ተሰነጠቀ። ደም በቅንድቡ ላይ ወረደ።

«ገደለችው!» የሚል ጩኸት ተነሣ። ልጆቹ ዱላቸውን አነሡ። ወንድሜ ከፊቴ ገብቶ ቆመ፤ ከኋላም የእኛ ወገን የሆኑ ድንጋይ ማንሣት ጀመሩ። አራት ቀን የታገስነው ሁሉ በኔ አንድ ጃንጥላ ሊያልቅ ነው።

«በሕግ አምላክ!» አለች እናቴ ከመሬት ሳትነሣ። የተናገረችው ለነሱ መስሎኝ ነበር። ዓይኗ ግን እኔ ላይ ነው።

«ድንጋይ አንሺ» አለችኝ።

«ምን?»

«ድንጋይ አንሥተሽ ተሸከሚና ይቅር በለኝ በይው።»

በእኛ ዘንድ የበደለ ሰው ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ ነው ምሕረት የሚለምን። እኔ? እሱን? መሬታችንን የቀማ፣ እናቴን የጣለ ሰው? «እሞታለሁ እንጂ አላደርገውም!» አልሁ። «እሱ ነው ለኛ የሚሸከም!»

«እሱ ላጠፋው ዳኛ አለው፤ ወደዚያው እየሄድን ነው። አንቺ ያጠፋሽው ግን አሁን እዚህ ነው። ደም የነካው እጅ ይዤ ከዳኛ ፊት አልቆምም» አለችና መንገዱ መካከል ተመቻችታ ተቀመጠች። ቁራኛዋ ስለሆነ እሱም እየደማ አብሯት ቁጭ አለ። ቢነሣ ልብሱ አይለቀውም። «እስክታነሺ ከዚህ አልነሣም። መሬቱም ይቅር።»

መሬቱም ይቅር! ወንድሜ ዞሮ አየኝ። የዚያን ጊዜ ዓይኑን አልረሳውም። «እታለም» አለኝ በቀስታ፣ «ስለ ልጆቼ ብለሽ።»

አነሣሁት። ትልቅ ድንጋይ አልነበረም፣ ግን እንዲህ የከበደኝ ነገር ተሸክሜ አላውቅም። እንባዬ በንዴት እየወረደ፣ በማጅራቴ ይዤ ጎንበስ አልሁ። «አጥፍቻለሁ፤ ስለ ሚካኤል ብለው ይማሩኝ» አልሁት። ጥርሴን ነክሼ ነው ያልሁት፤ ግን አልሁት።

ሰብሳቢው መልስ አልሰጠም። እግዜር ይማርሽ ማለት ነበረበት፤ በምላሹ መሬት መሬት ያያል። እኔም እንደተጎነበስሁ ቀረሁ። ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ፤ ማሩኝ ያለን አለመማር በእኛ አገር ነውር ነው።

በዚህ መካከል አንድ ሰው ከሕዝቡ ወጥቶ ወደ እኔ መጣ። የኮሚቴው አባል ነው፤ ሲለኩ ገመድ የሚይዘው ሰውዬ። እናቴ ምስክር ሁነኝ ብላ ደጁ ሦስት ጊዜ ሄዳ፣ ሦስት ጊዜ «አሞታል» ያስባለ ሰው ነው። ድንጋዩን ከማጅራቴ አነሣው። ሊጥለው ነው ስል በራሱ ማጅራት ላይ አደረገውና ወደ እናቴ ዞሮ ጎንበስ አለ።

«እትዬ፣ እኔንም ይማሩኝ» አላት። «ገመዱን የያዝሁ እኔ ነኝ። የእርስዎ ማሳ መሆኑን እያወቅሁ፣ ለቀብር እንደሄዱ እያወቅሁ፣ ያዝ ሲለኝ ያዝሁ። ይህች ልጅ ለአንድ ጃንጥላ ይህን ተሸከመች። እኔ ለአንድ ቤተሰብ እንጀራ ምን ልሸከም ነው?»

ቁና ቁና እየተነፈሰ ነበር። የሰብሳቢው ፊት አመድ መሰለ።

«እግዜር ይማርህ ልጄ» አለች እናቴ፣ ቶሎ ብላ። «ድንጋዩን አስቀምጠው። ይህንኑ ለዳኛው ትነግርልኛለህ?»

«እነግራለሁ።»

«እንግዲያ አንሡኝ፤ ይመሽብናል።»

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ እንዴት እንዳለቀ አላውቅም። ሰብሳቢው መፍጠኑን ተወ። አንዱ ልጁ ያባቱን ግንባር በመሐረብ አሰረለት፤ ሌላው ዱላውን ለኔ ወንድም አስይዞ ጫማውን አሰረ። ይህን ሳይ ገረመኝ። ከደቂቃዎች በፊት በዚያ ዱላ ሊፈልጠው የነበረ ሰው ነው።

ቡሬ ስንገባ ከተማው ተነሣ። ጋሪ ነጂዎች ቆሙ፣ ሱቅ ጥለው የወጡ ነበሩ፣ «ምንድን ነው? ሙሽሮች ናቸው?» ብሎ የሚጮኽ አንድ ቀልደኛም አልጠፋ። «አዎ፣ ሠርጋችን ፍርድ ቤት ነው!» አለችው እናቴ። እናቴ ስትቀልድ ያን ቀን ነው የሰማሁት።

ዳኛው ወጣት ነው፤ ከትምህርት ቤት የወጣ ብዙም የቆየ አይመስልም። ችሎቱ ውስጥ ሁለት ሰው በልብስ ተቋጥሮ ሲገባ ብዕሩን አስቀመጠ።

«እማማ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ቁራኛ ነው ልጄ።»

«በሕጋችን እንዲህ ያለ ነገር የለም እኮ።»

«ሕጉን አንተ ታውቃለህ። እኔ ግን ሦስት ጊዜ መጥሪያ ላክህለት፣ ሦስት ጊዜ አልተገኘም ተባልህ። ይኸው አግኝቼልህ መጣሁ።»

ችሎቱ በሳቅ ተናወጠ። ዳኛው ሥነ ሥርዓት ብሎ ጠረጴዛውን መታ፤ እሱም ግን ከንፈሩን ነክሶ ነበር። መዝገቡን አስመጥቶ ገለጠና «ተፈልጎ አልተገኘም» የሚለውን ሦስቱንም ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። ሲያነብ ሰብሳቢውን እያየ ነው።

«በግድ ነው ያመጡኝ!» አለ ሰብሳቢው። «ልጃቸውም በጃንጥላ ፈንክታኛለች። ይኸው ግንባሬ!»

ዳኛው ወደ እኔ ዞረ።

«እውነት ነው ጌታዬ» አልሁ። «መትቼዋለሁ። በደሌን አምኜ ድንጋይ ተሸክሜ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ቅጣት ካለብኝም እቀጣለሁ።»

«ጠይቃለች! አይተናል!» አለ ሕዝቡ ከኋላ። ከነዚያ አንዱ የሰብሳቢው የገዛ አጎት ናቸው፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ በዚያ ዕድሜያቸው በእግራቸው ተከትለው መጥተዋል። ድንጋዩን ባልሸከመው ኖሮ ያን ዕለት ስለ መሬት የሚያወራ አይኖርም ነበር፤ ስለ ግንባር ብቻ ነበር የሚወራው። እናቴ ዳገቱ ላይ ተቀምጣ ይህን አይታው ነበር፤ እኔ የገባኝ ከዳኛው ፊት ስቆም ነው።

ዳኛው ስለ መፈንከቱ ለብቻው ሊከስ እንደሚችል ነገረው። ሰብሳቢው ሕዝቡን አየ፣ አጎቱን አየ፣ «ትቼዋለሁ» አለ። «እንግዲያ አሁን ልብሳችሁን ፍቱ» አለ ዳኛው።

«ዳኛ ነው የሚፈታው» አለች እናቴ።

ወጣቱ ዳኛ ከወንበሩ ተነሣ፣ መጥቶ ከሁለቱ መካከል ቆመ፣ ጎንበስ ብሎ ያን ቋጠሮ በጥፍሩ መፍታት ጀመረ። እናቴ አጥብቃው ስለነበረ ቆየበት። ሲፈታው መጥሪያውን ራሱ ለሰብሳቢው አስፈርሞ ሰጠው። ያን ወረቀት መቼም አልደረሰኝም አይልም።

ነገሩ በአንድ ቀን አላለቀም፤ ፍርድ ቤት ነው። ገመድ ያዡ ቃሉን ሰጠ፣ ከሱ በኋላ ሌሎቹም አፋቸው ተፈታ። ፈሪ የነበረው ሁሉ ምስክር ልሁን ብሎ የተሰለፈ ጊዜ እናቴ «አሁንስ በዛ፣ ለሌላ ባለጉዳይም ይትረፍ» አለች። ተፈረደልን። ሰብሳቢው ፍኖተ ሰላም ድረስ ይግባኝ አለ። እዚያም ተከትለነው ሄድን። የቀድሞ ባሌ በሩቅ አይቶኝ መንገድ ቀየረ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አስተዋይ ሆኖ አገኘሁት። ይግባኙም ወደቀ። ማሳው እንደገና ተለክቶ በእናቴ ስም ይጻፍ ተባለ።

የሚለካበት ቀን መጣ። የመሬት ባለሙያው ከቡሬ መጣ። ዛሬም የደብሩ ሰው ተሰብስቧል። ወንድሜ ካስማዎቹን ተሸክሟል። ሰብሳቢው፣ ከሰብሳቢነቱ ከተሻረ ሰንብቷል፣ ከማሳው ዳር እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቆሟል። ልጆቹም ከጎኑ ናቸው። ባለሙያው ለካ፣ ወደ መዝገቡ አየ፣ ካስማ አስተከለ። የተተከለው ግን ከጥንቱ ወሰን ሦስት ፈር አልፎ ወደ ሰብሳቢው መሬት ገብቶ ነው።

እኔ አይቼዋለሁ። ወንድሜም አይቶታል። ሰብሳቢውም አይቶ አንገቱን ደፋ፤ ምን ብሎ ይናገር? ማን ይሰማዋል? እኔ ሆዬ «እሰይ! ይበለው!» አልሁ በሆዴ። ያ ሁሉ መንከራተት፣ ያ ጉልበት፣ ያ ድንጋይ፣ ሦስት ፈር ቢበዛበት ነው?

«ልጄ፣ ተሳስተሃል» አለችው እናቴ ባለሙያውን። «ወሰናችን ያ ነው። ይህ የሱ ነው።»

«እምዬ!» አልሁ። «አበድሽ እንዴ?»

«እማማ፣ ምንም አይደል፣ ስለ ድካምዎ ይካሱበት» አለ ባለሙያውም እየሳቀ።

«የሱን ልወስድ አይደለም እኮ ይህን ሁሉ የሄድሁት» አለች። «ዛሬ ሦስት ፈሩን ከወሰድሁ ነገ ልጆቹ ይመጣሉ። ያን ጊዜ እውነቱ የነሱ ነው። እኔ ደግሞ በውሸት ቆሜ በሕግ አምላክ ብል የሚቆምልኝ የለም።» ወደ ወንድሜ ዞረች። «ንቀለውና መልሰው።»

ወንድሜ ካስማውን ነቀለ። ያ ክላሽ ሲወለውል የነበረ ሰው፣ ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ ሦስት ፈር ወደ ኋላ ሄዶ ተከለው። በመዶሻ ሲመታው ካስማው አልቆም አለው፤ አፈሩ ረጥቦ ነበር። ያን ጊዜ ሰውየው ከቆመበት ተንቀሳቀሰ። መጥቶ ካስማውን በሁለት እጁ ደግፎ ያዘው። «ምታ» አለው ወንድሜን። ወንድሜ መታ። ካስማው ሲተከል ሰውየው ቀና አለና ለሁላችንም በሚሰማ ድምፅ ተናገረ።

«ሰዎች፣ ምስክር ሁኑ! ወሰኑ እዚህ ነው። ከዚህ ወዲያ ያለው የእትዬ ነው። እኔም ልጆቼም አንጠይቅም።»

ልጆቹ «አንጠይቅም» አሉ።

የወንድሜ ሚስት ትንሹን ልጅ አዝላ ቆማ ነበር፤ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። እናቴ ማሳውን ጫፍ እስከ ጫፍ አየችውና ወደ ወንድሜ ዞራ «በል በሬዎቹን አምጣ፣ ዝናቡ ሳያልፍ» አለችው። ኧረ እኔ ግን ዝም ልል ነው? ማሳው መካከል ገብቼ፣ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ እየተዋጠ፣ እልልታዬን አቀለጥሁት። ከወንዙ ማዶ ያሉት ሰዎች ሠርግ መስሏቸው ወጥተው አዩ አሉ።